ሳይጠየቅ የከረመ የመብራት ዕዳ



ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል እስከ መርሳና እስከ ውርጌሳ ድረስ አስፋልቱን ተከትለው ከተደረደሩት ሱቆች ውስጥ በብዙዎቹ የሚሠሩት የእኛው ዕድሜ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ጸጉር ያስተካክላል፤ አንዷ ጭማቂ ትሸጣለች፤ ሌላው ብየዳ ይሠራል፤ ሌላዋ ልብስ ትሰፋለች። ሁላችንም ቤቱን ስንከራይ አጥብቀን የምንከራከረው በኪራዩ ዋጋ ነው። የመብራቱና የውሃው ነገር ሲነሣ ግን «ግድ የለም፣ እንተሳሰባለን» ተባብለን እናልፈዋለን። መተሳሰቢያው ቀን መቼ እንደ ሆነ፣ በምን መለኪያ እንደምንተሳሰብና ማን ቀድሞ እንደሚጠይቅ አንነጋገርም።

«እንተሳሰባለን» የምትባለው ቃል ምን ያህል እንደምታስከፍል እኛ ሦስት ጓደኛሞች በመርሳ ከተማ በራሳችን ላይ አይተነዋል። ስለዚህ በዚህ ዕትም ለትምህርት እንዲሆን ነገሩን ከነሂሳቡ እናቀርብላችኋለን። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ይኸውም ያልተጠየቀ ዕዳ የተሰረዘ ዕዳ አይደለም የሚል ነው። የተጠቀምንበት ነገር ዋጋ ማንም ባይጠይቀንም ከአንድ ሰው ኪስ እየወጣ ነው።

1. ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ አካባቢያችን ትንፋሽ ሲያገኝ፣ እኛም ያለችንን ገንዘብ አዋጥተን በኅዳር ወር አንዲት ክፍል ተከራየን። አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ አስገብተን ሥራ ጀመርን። ቤቱ የአንዲት እናት ነው። እርሳቸው ከጓሮ ይኖራሉ፤ ከፊት ለፊት ሁለት ክፍል ያከራያሉ። አንደኛው የእኛ ሲሆን በሁለተኛው አንዲት ልጆች የምታሳድግ እኅታችን ሻይ ቤት ከፍታ ትሠራለች። ለሦስታችንም ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በባለቤቲቱ ስም የገባ ነው።

ውላችን በቃል ነበር። ኪራዩን ቆርጠን ስንጨርስ፣ «መብራቱንስ እማማ?» አልናቸው። «እናንተ ልጆቼ አይደላችሁ? እንተሳሰባለን» አሉን። እጃቸውን ስመን ወጣን።

ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። ማንም አልጠየቀንም። በጥር ወር ከመካከላችን አንዱ፣ «ስለ መብራቱ እማማን ብንጠይቃቸው ይሻላል» ብሎ ነበር። ሁለታችን ግን፣ «ካልጠየቁን እኛን ምን አስቸኮለን? ምናልባት በኪራዩ ውስጥ ቆጥረውት ይሆናል» ብለን አፉን አስያዝነው። እውነቱን ለመናገር በኪራዩ ውስጥ እንዳልተቆጠረ እናውቅ ነበር። ለፋሲካ የተጠራቀመውን ትርፍ ለሦስት ተካፍለን ለየቤታችን ዶሮና በግ ገዛንበት። ትርፍ ነው ብለን ከተካፈልነው ገንዘብ ውስጥ የመብራቱ ዋጋ እንዳለበት አንዳችንም አላነሣንም።

በሐምሌ ወር ደሴ የሚሠራው የባለቤቲቱ ልጅ መጣ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለውን የ8 ወር ክፍያ በወረቀት ጽፎ ይዟል። ጠቅላላው 3,440 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ገንዘቡ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 7,568 ብር ነው። «እናንተ የማሽን ቤት ስለ ሆናችሁ ግማሹን፣ ማለት 3,784 ብር ትከፍላላችሁ፤ ሻይ ቤቷ ሩቡን፣ እናቴም ሩቡን፣ እያንዳንዳቸው 1,892 ብር ይከፍላሉ» አለን። በሣጥናችን ውስጥ የነበረው ገንዘብ የወረቀትና የቀለም መግዣ ብቻ ነበር። አባቶቻችን «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት የደረሰብን መሰለንና ተቆጣን። ነገር ግን ከሜዳ የመጣ ዕዳ አልነበረም፤ 8 ወር ሙሉ ከራሳችን ግድግዳ ላይ ሲቆጠር የከረመ ነው።

2. ዝምታው ከየት መጣ?

ነገሩ ሲበርድ ተቀምጠን ስንመረምረው ሦስት ምክንያት አገኘን።

አንደኛው ወረቀቱን አለማየታችን ነው። በዱሮው ልማድ ከፋዩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ወረፋ ይዞ ደረሰኙን ተቀብሎ ይመለስ ስለ ነበር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሂሳቡን ያየው ነበር። ዛሬ ግን ክፍያው በባንክና በስልክ ያልቃል። ልጅዮው ደሴ ሆኖ በስልኩ ይከፍል ስለ ነበር መርሳ ያለነው ተከራዮች አንድም ወረቀት አላየንም። አከፋፈሉ መቅለሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አብሮ የሚጠቀም ሰው ዋጋውን ሳያይ እንዲኖር ያደርጋል።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። እማማ፣ «ልጆቹ ራሳቸው ያነሡታል፤ እኔ ብጠይቅ ስስታም እባላለሁ» ብለው ዝም አሉ። እኛ ደግሞ፣ «ከፈለጉ ይጠይቁናል» ብለን ዝም አልን። የእርሳቸው ዝምታ ከይሉኝታ የመጣ ነው፤ የእኛ ግን ይሉኝታ የሚባል አይደለም። ስለሚጠቅመን ዝም ያልን እኛ ነን።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ልጅዮው ለእናቱ ቀለብ በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር። መብራቱ ከበዛበት ጊዜ ጀምሮ ግን ከሚልከው ላይ እየቀነሰ መብራቱን ሲከፍል ከርሟል። እማማ ይህን የነገሩን በኋላ ነው። ስለዚህ «ማንም አልጎዳንም» ብለን ባሰብንባቸው 8 ወራት እኛ ፎቶ ኮፒ ስናነሣ የጎደለው ከእርሳቸው ጤፍ ላይ ነበር። ያልተጠየቀ ሂሳብ ከፋይ የሌለው ሂሳብ አይደለም።

3. ሂሳቡ እንዴት ተሠራ?

ዕዳ እንዳለብን ካመንን በኋላ፣ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። የተጠቀምንበትን እንከፍላለን፤ ያልተጠቀምንበትን ግን እንድንከፍል አንገደድም። ለዚህ የሚያስፈልገው የቆጣሪን አሠራር ማወቅ ነው።

ቆጣሪ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚጠቀም ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። 100 ዋት የሚጠቀም ዕቃም 10 ሰዓት ቢሠራ ያንኑ ያህል ይቆጥራል። ስለዚህ የዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው።

ልጅዮው «የማሽን ቤት ናችሁ» ያለን በክፋት አልነበረም። በፎቶ ኮፒው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ 1,300 ዋት ስላገኘ በቀን 10 ሰዓት አባዝቶ ነው። የተለጠፈው ቁጥር ግን ማሽኑ በኃይል በሚሠራበት ጊዜ የሚወስደው ነው። ፎቶ ኮፒ ብዙ የሚበላው ሲሞቅና ገጽ ሲያነሣ ነው፤ ደንበኛ ሲጠብቅ የሚወስደው ጥቂት ነው።

ይህንንም በቃል ከመከራከር በዓይን ለማየት ተስማማን። አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሻይ ቤቱና የጓሮው ቤት መብራት ሁሉ ጠፍቶ እኛ ብቻ እንደ ወትሮው ሠራን። ቆጣሪው በ2 ሰዓት ውስጥ የጨመረው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። ቀጥሎ የእኛ ጠፍቶ የሻይ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻውን አንድ ሰዓት ሠራ፤ ቆጣሪው ሁለት ያህል ጨመረ። ልጅዮውም እኛም ተያየን።

ከዚህ በኋላ ሁሉም በተሰበሰበበት የወሩን ፍጆታ እንደሚከተለው ጻፍን።

የእኛ ክፍል፦ ፎቶ ኮፒው በቀን 1.5፣ ኮምፒዩተሩና ማተሚያው 1.2፣ አምፖሎቹ 0.08፤ ድምሩ በቀን 2.78 ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ስናባዛው 72 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል።

ሻይ ቤቱ፦ 2,000 ዋት ምድጃ በቀን 3 ሰዓት ተኩል ለ26 ቀን 182፤ ማቀዝቀዣው በቀን 1.5 ለ30 ቀን 45፤ ድምሩ 227 ነው።

የባለቤቲቱ ቤት፦ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 3 ሰዓት በወር 8 ጊዜ 84፤ ቴሌቪዥንና አምፖል 18፤ ድምሩ 102 ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 401 ይሆናሉ። በክፍያው ላይ ያለው አማካይ ግን በወር 430 ነው። የ29ኙ ልዩነት ከስልክ መሙያ፣ ከካውያና ከግምታችን ስሕተት የመጣ ነው ብለን ለሁሉም እንደየድርሻው አከፋፈልነው። በዚህ መሠረት የእኛ ድርሻ ከመቶ 18፣ የሻይ ቤቱ ከመቶ 57፣ የባለቤቲቱ ከመቶ 25 ያህል ሆነ። ገንዘቡም ለእኛ 1,362፣ ለሻይ ቤቱ 4,314፣ ለባለቤቲቱ 1,892 ብር ደረሰ።

4. ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ

ይህን ስናነብ እፎይ አልን። ከ3,784 ብር ወደ 1,362 ብር ወርደናል። ነገር ግን ቀና ብለን ስናይ ሻይ ቤት ያላት እኅታችን ፊቷ ጠቁሯል። ከእኛ ትከሻ የወረደው 2,422 ብር ወዴት እንደ ሄደ ያየነው ያን ጊዜ ነው። የባለቤቲቱ ድርሻ አልተለወጠም፤ ሸክሙ ሁሉ የወደቀው ከሁላችን ይልቅ አቅም ባነሳት ላይ ነው። ቁጥሩ እውነት ስለ ሆነ እንዳንሽረው አልቻልንም፤ ዝም ብለን እንዳንሄድም ልባችን እንቢ አለ።

አንድ የሠፈሩ ሽማግሌ ጠርተን ተቀመጥን። እርሳቸውም ቁጥሩን ከሰሙ በኋላ፣ «ሂሳቡን ሰማሁ። ውሉንስ ማን ጠየቀ?» አሉ። ከዚያም ወደ እኅታችን ዞረው፣ «አንቺ ልጄ፣ ስትገቢ ምን ተባባላችሁ?» አሏት። እርሷም ምድጃውን ስታስገባ ኪራይዋ በወር 300 ብር እንደ ተጨመረባት ተናገረች። ሽማግሌው እማማን ጠየቋቸው። እማማም ጥቂት አሰቡና፣ «እውነቷን ነው። ምድጃው መብራት ይበላል ብዬ የጨመርኩባት እኔው ነኝ። ለልጄ አልነገርኩትም» አሉ።

ነገሩ በዚህ ተለወጠ። 300 ብር በ8 ወር 2,400 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በኪራይ ስም ተከፍሎ ያለቀ የመብራት ዋጋ ነው። ስለዚህ ከ4,314 ላይ 2,400 ተቀንሶ የእኅታችን ቀሪ 1,914 ብር ሆነ። ልጅዮው ከደሴ ያየው የክፍያውን ቁጥር ብቻ ነበር፤ እኛ ከቆጣሪው ያየነው ፍጆታውን ብቻ ነበር። ሽማግሌው ግን ሁለቱም የማያሳዩትን ቃል ጠየቁ። ከዚህ የተማርነው ሂሳብ ሲሠራ ቆጣሪም፣ ደረሰኝም፣ ውልም አንድ ላይ መቅረብ እንዳለባቸው ነው።

በመጨረሻ እኛ 1,362 ብሩን ግማሹን ያኔውኑ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር ከፈልን። እኅታችን በ6 ወር ከፋፍላ እንድትከፍል ተስማሙላት። የ300 ብሩ ጭማሪም ቀርቶ ከዚያ ወዲህ በቆጣሪ እንድትከፍል ሆነ። እርሷም ምድጃውን ቀኑን ሙሉ ከማንደድ ሻይዋን አፍልታ በፔርሙስ ማኖር ጀመረች። ያም ሆኖ እኛ ሦስታችን እስከ ዛሬ አንድ ሐሳብ አልሆንም። አንዱ፣ «8 ወር ዝም ብለን ስለ ተጠቀምን ከእርሷ ዕዳ ላይ ማገዝ ይገባን ነበር» ይላል። ሌላው፣ «የራሳችንን በትክክል መክፈላችን ይበቃል» ይላል። ጥያቄውን ለእናንተ ትተነዋል።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ስሙ እንደሚያመለክተው ለመኖሪያ ቤት ነው። የሱቅ ኪራይ በእርሱ አይዳኝም። ለሱቅ መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና የገዛ ውላችን ነው።

በዚህ ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚጸና ነው። በአንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታ አለብህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ አከራይ «ይህን ያህል አለባችሁ» ሲል ደረሰኙን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ከግዴታው ነጻ ነኝ የሚልም እንዲሁ የራሱን ማስረጃ ያቀርባል፤ ከፍያለሁ ካልን የከፈልንበትን ማሳየት የእኛ ፈንታ ነው።

ውሉ ስለ መብራት ምንም ባይልስ? አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ሀብት የተጠቀመ ሰው ያንን ሰው እንዲክስ ያዛል። «ውል ስለሌለ አንከፍልም» የሚለው መልስ እንግዲህ በሕግም ፊት ደካማ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። ከድርሻችን በላይ ከፍለን ከሆነ መጠየቅ እንችላለን ማለት ነው። ጊዜውም ቢሆን በቶሎ አያልፍም፤ ሕጉ ለተለየ ጉዳይ ያሳጠረው ጊዜ ከሌለ በአንቀጽ 1845 የውል ጥያቄ 10 ዓመት ይቆያል። ስምንት ወር ዝም ስለ ተባለ ዕዳው ቀረ ማለት አይቻልም።

ይህን የጻፍነው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት እንድትሮጡ አይደለም። ነገሩ ከከበደ ሕግ ዐዋቂ ጠይቁ። ነገር ግን መብትና ግዴታውን የሚያውቅ ሰው በሽምግልናም ቢሆን በእርጋታ ይናገራል።

6. ከእንግዲህ ምን እናድርግ?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው።

ሀ. ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርና ቀኑን ጽፈን ከአከራዩ ጋር እንፈራረም፤ በስልክም ፎቶ እናንሣው። ይህ ካልተደረገ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ዕዳና የእኛ ይቀላቀላል። ሱቁንም ስንለቅ እንዲሁ እናድርግ።

ለ. በውሉ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ቆጣሪው በማን ስም እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ በምን መለኪያ እንደምንካፈል፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደምንተሳሰብ። ኪራዩ መብራትን ጨምሮ ከሆነም «ጨምሮ ነው» ተብሎ ይጻፍ።

ሐ. ቢቻል የራሳችንን ቆጣሪ ለማስገባት እናመልክት። ካልተቻለ ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ ማስገጠም ይጠቅማል። ይህ ለመተሳሰቢያ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ዋናውን ቆጣሪ ነው። ዋናው ሳይከፈል ቀርቶ መብራቱ ቢቆረጥ የሚጨልመው ከፋዩም ያልከፈለውም ነው።

መ. ባንጠየቅም በየወሩ ገንዘቡን ለይተን እናኑር። የእኛ ድርሻ በ8 ወር 1,362 ብር ሲካፈል በወር 170 ብር ያህል ነው። በወር 3,400 ገጽ የምናነሣ ከሆነ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 5 ሳንቲም የመብራት ዋጋ አለበት ማለት ነው። ይህን ሳንቆጥር ዋጋ ስላወጣን ትርፍ ብለን የተካፈልነው ሁሉ ትርፍ አልነበረም።

ሠ. የቆየ ሂሳብ ሲመጣ የየወሩ በየወሩ ዋጋ ይሰላ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ የሚሄድ ሆኗል። ያለፈውን ዓመት ፍጆታ በዛሬው ዋጋ ማስላት ተከራዩን ይጎዳል። ደግሞም በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ የብዙ ወር ፍጆታ በአንድ ወር ተደምሮ ቢመጣ የየወሩን ለይቶ እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ረ. ቆጣሪ መብራት በሌለበት አይዞርም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ሥር በነበሩበት ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ጊዜ ያለበት የቆየ ሂሳብ በግምት ሲመጣ መፍትሔው ጭቅጭቅ አይደለም፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንባብ አመሳክሮ ልዩነቱን ማየት ነው። ንባብ የያዘ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ያልያዘ ግን በግምት ይዳኛል።

ሰ. ውሃም እንዲሁ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ሊትር፣ ማለት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 50 ጊዜ ነው። የጋራ ቧንቧ ያለበት ሻይ ቤትና ጸጉር ቤት ለአንድ ሳምንት የሚቀዱትን ጀሪካን ቢቆጥሩ ድርሻቸውን ያለ ጠብ ያገኙታል።

ዛሬ በእኛ ግቢ ከቆጣሪው አጠገብ በምስማር የተንጠለጠለ አንድ ደብተር አለ። በየወሩ በ30 ከእማማ፣ ከሻይ ቤቷ እኅታችንና ከእኛ አንድ አንድ ሰው ቆሞ ቁጥሩ ይነበባል፤ ይጻፋል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እርሳቸው በጣታቸው ይፈርማሉ። ሥራው 5 ደቂቃ አይፈጅም። በዚያን ጊዜ በጥር ወር ወንድማችን ያነሣውን ጥያቄ ሰምተን ቢሆን ኖሮ የምንነጋገረው ስለ 2 ወር ሂሳብ ብቻ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ወደ ሱቃችሁ ስትሄዱ በመጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ፤ ቁጥሩንም ጻፉ። ያልተጠየቃችሁት ሂሳብ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀድሞ የጠየቀ ሰው ሂሳቡንም፣ ጉርብትናውንም በእጁ ይዟል።

መወያያ ጥያቄዎች

1. በተከራያችሁበት ቤት መብራትና ውሃ በማን ስም ነው? የመጨረሻውን ደረሰኝ ያያችሁት መቼ ነው?

2. አከራይ በይሉኝታ ዝም ቢሉ፣ ተከራይም ስለሚጠቅመው ዝም ቢል፣ የሁለቱ ዝምታ እኩል ነውን?

3. ሂሳቡ ትክክል ሆኖ አቅም በሌለው ላይ ሲወድቅ፣ የራሱን የከፈለ ሰው ሌላ ግዴታ አለበትን?

4. በሥራችሁ ላይ ካለው ዋጋ ውስጥ የመብራቱ ድርሻ ስንት ነው? አስልታችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቡ።